ሦስተኛውን መጽሐፍ ስጨርስ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ፣ ስለ እናቶች ሞት ወይም ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ስላይድ ይዤ የምመጣ መስሏቸው ነበር። አልያዝኩም። ስላይድ ሲበራ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የኛ ባች እንደሚተኛ ከድሮም አውቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አንባቢ ነው፤ ያውም እንደ ተቀየመች አንባቢ። ቅያሜዬ የቆየ ነው። በማን ላይ እንደነበረ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው።

2001 ዓ.ም. የኢንተርንነት ዓመታችን ነበር። በዚያው ዓመት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ወጣ። እኛ ባች ውስጥ መጀመሪያ የገባው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ማን እንደገዛው እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው «የኔ ነበር» እንደሚል አውቃለሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በቁስል ፕላስተር ተለጥፎ፣ ከሕፃናት ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከቀዶ ሕክምና ወደ ማዋለጃ ይዞር ነበር። ጠዋት ተረኛ ሲቀያየር ከበሽተኛው ዝርዝር በፊት የሚጠየቀው «መጽሐፉ ማን ጋ ነው?» የሚል ነበር። መምህራኖቻችን ይህን አሁን ስትሰሙ እንደማትቆጡን ተስፋ አደርጋለሁ።

ያላነበበ ካለ ታሪኩን አላበላሽበትም። የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ የስለላ ታሪክም ነው፤ የፍቅር ታሪክም ነው። ጣና ሐይቅና ገዳማቱ አሉበት፣ ናሳ አለበት፣ ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ የሚባል ኢትዮጵያዊ የጠፈር ሊቅ አለበት። ይህ ስም ሲነሣ ቦንጋ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በጠፈር ምሕንድስና ስሙን ያስጠራውን፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፈውን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን የማያስታውስ አንባቢ አልነበረም። ለእኛ ግን ከሁሉም የበለጠው ዶክተር ሚራዥ ነበር። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚገባው ለደቂቃ ነው፤ «የተቻለንን ሁሉ አድርገናል» ይልና ወጥቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ሐኪሙ ዋና ሰው ነው። ይፈራል፣ ይደፍራል፣ ያፈቅራል። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ስትለኩና ደም ስትቀዱ ላደራችሁ ኢንተርኖች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከባቻችን አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም አትጠይቁኝ። ተረኛ በሆንን ሌሊት ሻይ ይዘን፣ ሥራ ጋብ ሲል፣ እሱ እያነበበ እኔ እሰማለሁ። ስንመረቅ አዲስ ቅጂ ገዝቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጣና ዳር እንገናኛለን» ብሎ ጻፈበት። ሁለታችንም ተምረን፣ ውጭ ደርሰን፣ ዕውቀት ይዘን እንመለሳለን የሚል ነበር ስምምነታችን። መጽሐፉም ያለን እንደዚያው ነበር፤ ቢያንስ እኛ የሰማነው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ምደባ መጣ። እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ፤ የጉና ብርድና የጋይንት ድንች ያሳደገኝ። ደቡብ ጎንደር ሲደርሰኝ እናቴ እልል አለች። ከዞኑ ሆስፒታሎች በአንዱ ጂፒ ሆኜ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ በሽተኛ ሲመጣ የሚደርሰው ከረጅም ጉዞ በኋላ ነው። ካርዱ ላይ «የመጣችበት ቦታ» የሚለውን ስሞላ፣ ቀበሌውን ሰምቼ ስንት ሰዓት በእግር እንደመጡ በልቤ አሰላ ነበር።

እዚያ ሆኜ ተከታዮቹን መጻሕፍት አነበብኩ፤ «ራማቶሓራ»ን፣ ቀጥሎም «ዣንቶዣራ»ን። ቅያሜዬ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። እንደ አንባቢ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ታሪኩ በቀጠለ ቁጥር ሁሉ ነገር እየገዘፈ የሚሄድ መሰለኝ። ምሥጢሩ ገዘፈ፣ ማሽኑ ገዘፈ፣ ጠላቱም ገዘፈ። እኔን የያዘኝ ግን የሚገዝፈው ነገር አልነበረም። የያዘኝ ታንኳው ላይ ያለው ጸጥታ፣ የሐኪሙ ፍርሃት፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የማይናገሩት ነገር ነበር። ፍቅሩ ለእኔ እያነሰ፣ ምልክት ብቻ እየሆነ ሄደ። ሊቁ ደግሞ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይሠራል። ናፍጣ አልቆ ጄኔሬተር የቆመበት፣ ኦክስጅን የሚሞላ ሰው የጠፋበት ገጽ ማንበቤ ትዝ አይለኝም። የሆስፒታል ሰው ነኝና፣ «ይህን ሁሉ መሣሪያ ማን ያጥበዋል?» እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ ማንበብ ከጀመራችሁ ደግሞ ማንኛውም ልብ ወለድ አለቀለት ማለት ነው።

ለደራሲው ፍትሐዊ ልሁን። ያን ሁሉ ያሰበው ገና ወጣት ሳለ ነው። መጽሐፍ አያነብም የተባለውን ትውልድ በታክሲ፣ በካፌ፣ በዲዩቲ ክፍል ሳይቀር አስነብቧል። በአማርኛ ጠፈር ድረስ ለመሄድ የደፈረ ስንት ሰው አለን? ቅያሜዬ ትንሽ ነገር የጠበቀች አንባቢ ቅያሜ አልነበረም። ብዙ ስለጠበቅሁ ነው የተቀየምኩት።

አሁን ወደ አንድ ሌሊት ልውሰዳችሁ። 2004 ዓ.ም. ነው፤ ክረምት ነው። ሦስተኛውን መጽሐፍ ልጨርስ ጥቂት ገጾች ቀርተውኛል። በመካከሉ በር ተንኳኳ። ከስማዳ የመጣች ሴት ናት። ምጧ ሁለት ቀን አልፎታል። ከመንደሯ እስከ ወገዳ በቃሬዛ፣ ከወገዳ ወዲህ በመኪና ነው የመጣችው። የተሸከሟት ወንዶች ተራ እየተቀያየሩ በጭቃ ሲጓዙ ነው ያደሩት፤ ጫማቸው ጭቃውና እግራቸው አይለይም ነበር። ሆዷን ስዳስስ የሕፃኑ አካል ከቆዳዋ ሥር ተሰማኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መተርጎም አያስፈልግም። ማሕፀኗ ተተርትሯል፤ ሕፃኑ አልፏል። እሷ ግን ገና ዓይኗን ትገልጣለች።

የዚያን ሌሊት ማን ምን እንደሠራ በቅደም ተከተል ላስታውስ። አዋላጇ ነርስ፣ እኔ ገና እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ ሁለት የደም ሥር ከፍታ ጨርሳለች። የማደንዘዣ ባለሙያው ከቤቱ በዝናብ ሮጦ መጣ። ላቦራቶሪው የደም ዓይነቷን ሠራ፤ የተቀመጠ ደም ግን አልነበረም። ቃሬዛ ከተሸከሙት ወንዶች ሁለቱ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ የአንዱ ገጠመ። አልበቃም። ሦስተኛውን የሰጠችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ሰጥታም ጥቂት አርፋ ተመልሳ ወለሉን ጠረገች። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ዘበኛው ጄኔሬተሩ ጎን ባትሪ ይዞ ቆሞ አደረ። እኔ ደግሞ ከከፍተኛ ሐኪም ጋር በስልክ እየተነጋገርኩ ቀደድኩ፣ ሰፋሁ። ሴትየዋ ተረፈች።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ወንድሟ ደጅ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ተነሣና እጅ ነሣኝ። «ዶክተር፣ አንቱ ከዚህ ይቆያሉ?» አለኝ። የጠየቀኝ ለእኅቱ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ሌላ ነፍሰ ጡር እንደነበረች በኋላ ነው የሰማሁት።

«እቆያለሁ» አልኩት።

ወደ ዲዩቲ ክፍል ገብቼ፣ እንቅልፍም ስላልመጣልኝ፣ የቀሩትን ገጾች ጨረስኩ። ስጨርስ መጽሐፉን ወረወርኩት። በእውነት ነው የምላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። በሚቀጥለው ዓመት ስፔሻሊቲ ለመማር ወጣሁ፤ ተምሬም አልተመለስኩም። ዛሬ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ልጁም ባሕር ማዶ ሄደ፤ እዚያው ቀረ፤ ትዳር መሠረተ፤ በሰላም ይኖራል፤ አልፈርድበትም። ጣና ዳር አልተገናኘንም። እሱ ቃሉን ያጠፈው በእኔ ላይ ነው። እኔ ያጠፍኩት ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው በቀረሁት ሰው ላይ ነው።

ለዓመታት «ተከታዮቹ መጻሕፍት አበሳጩኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስቱንም መልሼ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ከመጽሐፉ የፈለግሁት ፈቃድ ነበር። «አንቺ ሂጂ፣ ተማሪ፤ አንድ ቀን አንድ ሊቅ ሁሉን ይዞ ይመጣል» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲህ ያለኝ መሰለኝና ወደድኩት። ሦስተኛው ያን ሌሊት፣ ከዚያች ሴት ደም በኋላ፣ እንዲህ ሊለኝ አልቻለም። መጽሐፍ ስለዚህ ጥፋተኛ አይደለም። ደራሲው ስለ ጠፈር ጻፈ እንጂ ስለ እኔ ቃል ምን አገባው?

አገራችን ጋይንት ይህን ዓይነት ሕልም ቀድማ ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል ለዘመኑ ኢትዮጵያ የጠፈር መንኮራኩር ያህል ነው ብል አልተሳሳትኩም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲጎተት በእኛው አገር በጨጨሆ በኩል አለፈ። መንገድ የለም፤ መንገዱ እየተደለደለ ነው የሚሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ፤ መድፉ ዛሬም እዚያው አለ። የንጉሡን ሕልም ሁላችንም እናውቃለን። ገመዱን የጎተቱትን፣ ገደሉን የደለደሉትን ሰዎች ስም ግን አንድም አናውቅም። ልጅ ሆኜ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ በመኪና ሳልፍ፣ በመስኮት ያየሁት ጨጨሆ መድኃኔዓለምንና ገደሉን ብቻ ነበር። ገመድ የሚጎትት ሰው ማየት የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው፤ ቃሬዛውም ያው ገመድ ነውና።

እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሜ ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንወደው ይህ ትምህርት ቤት የተወለደው ከአንድ ሊቅ ራስ አይደለም። ደምቢያ ላይ በ1945 ዓ.ም. ወባ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ ነው ሐሳቡ የጠነከረው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ያሠለጠነው ሦስት ሙያ ነው፤ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። በቡድን ተምረው በቡድን ወጡ። የሕክምናው ፋኩልቲ በላይፕዚክ ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት የመጣው ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ ተማሪዎች ሆነን «ቲቲፒ» ሲመጣ ፊታችንን እናጨማድድ ነበር፤ «ሐኪም ልንሆን ገብተን ጉድጓድ እንቁጠር?» እያልን። ያ ጉድጓድ መቁጠር የዚህ ቤት መሠረት መሆኑን ማን ነገረን? ነግራችሁን ነበር፤ አልሰማንም።

ከዚያን ሌሊት ወዲህ የተለወጠው ነገርም በዚሁ መንገድ የተለወጠ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አስገባ። በ2001 እና 2002 ዓ.ም. መካከል ደግሞ ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ተጀመረ። ሲጀመር ብዙዎቻችን አኩርፈን ነበር፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። «ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ሆድ ይከፍታል?» ብያለሁ። ዛሬ በብዙ ወረዳ ሆስፒታሎች ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለቄሳሪያን የሚነሡት እነሱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታስወነጭፍ ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ መሬትን ከላይ የምታይ ነበረች። «እነሆ ዴርቶጋዳ!» ያለ ጓደኛም አለኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ከዚያ ከፍታ ላይ ከስማዳ ወደ ወገዳ የሚወርደው ቃሬዛ ይታይ ይሆን ብዬ ነው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገባ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አገሬ ሄጄ ነበር። ያየኋቸውን ሴቶች ጉዳይ በዚህ መድረክ አላወራም፤ ሆድ ይፍጀው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ የደረስኩት መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው። እኔ ስደርስ እዚያ የነበሩት አዋላጆች፣ ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞች ቀድሞም እዚያው ነበሩ። ያ ሁሉ አልፎባቸውም አልሄዱም። አንዷ «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ፤ እስከ መቼ ነዎት?» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን አልዋሸሁም። «አሥራ አምስት ቀን» አልኳት። «እሱም ይጠቅማል» አለችኝ። ከሰማሁት ምርቃት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ያ ቃል ነው ዛሬ ወደዚህ ያመጣኝ። «ሁላችሁም ሥራችሁን ጣሉና ተመለሱ» ልላችሁ አልመጣሁም። ራሴ ያላደረግሁትን ምን አፍ አለኝ? ልጆች አሉን፣ ደመወዛችን የታወቀ ነው፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። አሥራ አምስት ቀን ግን አለን። ስልክ አለን። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ጂፒ ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ደውሎ «ይህን አየሁ፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እኔን ያን ሌሊት ያቆመችኝ አንዲት የስልክ መስመር ናት። በሌላው ጫፍ የነበረው ሰው እንቅልፉን ትቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አልዘጋብኝም። የዚህ ቤት ምሩቅ ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንድ መዝገብ አስቀምጫለሁ፤ ተራ የመስመር ደብተር ነው። ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ስምና ሙያ ነው። ሁለተኛው በሳምንት የትኛውን ሌሊት ስልክ እንደምታነሡ ነው። ሦስተኛው በዓመት ስንት ቀን ሄዳችሁ መሥራት እንደምትችሉ ነው፤ «ዜሮ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ አያሳፍርም። መዋሸት ነው የሚያሳፍረው፤ እሱን ከእኔ ተማሩ። መምህራኖቻችንንም የምለምነው አለ። ዘንድሮ ቲቲፒ የሚወጡትን ተማሪዎች፣ ቢቻል ከባለ ቃሬዛዎቹ ጋር አንድ ቀን አውሏቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ሁላችንም እንተርታለን፤ ትከሻቸው ቢያውቀው ግን ሌላ ነው።

መጽሐፎቹን ምን እንዳደረግኋቸው ልንገራችሁና ልጨርስ። ሦስቱንም ንፋስ መውጫ ላለችው አዋላጅ ልጅ ሰጠኋት። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ፊዚክስ ትወዳለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ አልቀደድኩትም። ባለፈው በስልክ «እንዴት ነው?» አልኳት። «እትዬ፣ በጣም ደስ ይላል!» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ» አለች።

«ለምን?» አልኳት።

«ሌላ ይቀጥላል ብዬ ነበር» አለችኝ።

አያችሁ፣ እኔ መጽሐፉ ስላለቀ ነበር የወረወርኩት፤ እሷ ስላለቀ ልትቀጥል ነው የምትፈልገው። ደብተሩ በሩ አጠገብ ነው። እስክሪብቶም አለ።